ሰንጢ በኪስ ይዞ መዞር፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

ጠያቂዋ፦ አባቴ ሲያርፉ ከኪሳቸው የማትለየውን ሰንጢ ለልጄ ትተውለት ሄዱ። የእንጨት እጀታ፣ ከመሳል ብዛት የሳሳ ስለት። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ «ኪሴ ውስጥ ልያዘው» ብሎ ፋታ ነሳኝ። ባለቤቴ «የአያቱ ነው፣ ይያዝ» ባይ ነው፣ እኔ ቤት ይቀመጥ እላለሁ። የቤታችንን ጭቅጭቅ ለእናንተ አምጥቼዋለሁ፦ ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ መያዝ ጭራሹኑ መከልከል የለበትም ወይ?

ነርሷ፦ ይከልከል! የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሁለት ጎረምሶች ሲጋጩ ኪሳቸው ባዶ ከሆነ ቡጢ ነው፣ በማግስቱ ይታረቃሉ። ስለት ካለ ግን የአንድ ደቂቃ ንዴት ነገሩን ይጨርሰዋል። ሰንጢው የአያት ይሁን የገበያ ቁስሉ ላይ አይጻፍም።

አናጺው፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ይገባኛል፤ ግን ከልካዮቹ የሚከለክሉትን ዕቃ የያዙት አይመስለኝም። የእንግሊዝን ሕግ እዩ። በፈረንጆቹ 1988 የወጣው ሕግ በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል ታጣፊ ሰንጢን ለቀቀ፤ ያውም የሚቆርጠው ጠርዝ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲ ሜትር) ካልበለጠ። ከዚያ ፍርድ ቤቶች «ሲከፈት የሚቆለፍ ከሆነ እንደማይታጠፍ ቢላ ነው» ብለው የሚቆለፈውን ከዚህ ነፃነት አወጡት። የሚቆለፈውን የያዘ ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

ወረቀት ላይ ያምራል። ሥራ ላይ ግን የማይቆለፍ ሰንጢን ክፍት አድርጎ የሚያቆመው የጀርባው ሞላ ብቻ ነው። ወደ ታች ስትቆርጥ ችግር የለም፣ ግፊቱ ራሱ ስለቱን ወደ ክፍት ይገፋዋል። በጫፉ ስትበሳ ወይም ከጀርባው ስትጫነው ነው ጉዱ። እኔ ቀበቶ ላይ አንድ ቀዳዳ ልጨምር ብዬ ጫፉን ተክዬ ስጫን ሞላው ለቀቀና ስለቱ ሌባ ጣቴ ላይ ተከደነ። አራት ስፌት! አሁንም ብርድ ሲሆን ያቺ አንጓ ትጠዘጥዘኛለች። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳዮቹ ታጣፊ ሰንጢ ከፈረንጆቹ 1890 ጀምሮ ያለ ቁልፍ ሲሠራ ኖሮ በ1955 አንገቱ ላይ የምትዞር ቀለበት ጨመሩለት፤ ቀለበቷን ስታዞራት ስለቱ አይመለስም። እንግሊዝ አገር ጥፋተኛ የሆነችው እንግዲህ ይቺው ጣት የምታድነው ቀለበት ናት።

ነርሷ፦ ጣትህን እግዜር ይማርልህ። ግን ራስህ መለስክልኝ እኮ! ስትበሳ ጣትህ ላይ የማይታጠፍ ሰንጢ፣ ሰው ሲወጋም የወጊውን ጣት አይቆርጥም። ለአንተ የሚመቸው ለእሱም ይመቻል።

አናጺው፦ እዚህ ላይ ያዝሽኝ። ይህንን አልክድም።

መጽሐፍ አገላባጩ፦ ጃፓንን ልጨምር። ሂጎኖካሚ የሚባል ታጣፊ ሰንጢ አላቸው፣ በሚኪ ከተማ ከፈረንጆቹ 1890ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ። ቁልፍም ሞላም የለውም፤ ከስለቱ ኋላ የምትወጣውን ጭራ በአውራ ጣት ተጭነህ ነው ክፍት የምታቆየው። ተማሪዎች እርሳስ ይቀርጹበት ነበር። በፈረንጆቹ 1960 የጃፓን ሶሻሊስት ፓርቲ መሪ አሳኑማ መድረክ ላይ በአንድ የ17 ዓመት ልጅ ተወግተው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ከልጆች እጅ ስለት የማስጣል ዘመቻ መጣ፣ የሂጎኖካሚ ሠሪዎችም እየተመናመኑ ሄዱ። አሳኑማን የገደለው ግን አጭር ጎራዴ ነበር! ጎራዴ አጠፋ፣ ሰንጢ ተቀጣ።

ነርሷ፦ ታሪኩ ደስ ይላል፣ መልስ ግን አይደለም። ያ ልጅ 17 ዓመቱ እንደነበር ልብ በል፤ የእህታችን ልጅ 14 ነው።

አናጺው፦ በእንግሊዝና በዌልስ በስለት ለሚፈጸመው ግድያ ከሌላው የስለት ዓይነት ሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው የማዕድ ቤት ቢላ ነው። ማዕድ ቤት እንዝጋ?

ነርሷ፦ የማዕድ ቤት ቢላ ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ሰፈር ለሰፈር አይዞርም። ሰንጢ ይዞራል። ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው፣ አስቦ የሚገድለውንማ ማን ያስቆመዋል።

ጋሽ ሞረድ፦ ልጆቼ፣ ስለ ሕግ ስትሟገቱ ዕቃውን ማንም አልጠየቀም። ልጄ ሆይ፣ የአባትሽ ሰንጢ ቀለበት አለው? ቀስ ብለሽ ስትዘጊው ግማሽ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆማል ወይስ በአንዴ ይወርዳል? ግማሽ ላይ የሚቆም ከሆነ ጣት ለማሸሽ ጊዜ ይሰጣል። የሞላው ጉልበት ካለቀ ግን ለልጅ አይሰጥም፣ ለትልቅም አይሰጥ። ስለቱ ጠቁሮ ካየሽው ደግሞ በአሸዋ ወረቀት እንዳትፈትጊው፤ ካርቦን ብረት ፍራፍሬ ሲቆርጥ ይጠቁራል፣ ዝገት አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ አሁን አውጥቼ አየሁት። ቀለበት የለውም። ለመክፈት ጥፍሬ አልበቃኝም፤ ልጁ መጥቶ ከፈተልኝ። ሲዘጋው ግማሽ ላይ ቀጭ አለ፣ እዚያ ላይ ጣቶቹን ከስለቱ መንገድ አወጣና በመዳፉ ገፍቶ ከደነው። «ማን አሳየህ?» ብለው «አያቴ» አለኝ። እኔ አላውቅም ነበር። ለጊዜው የወሰንኩት፦ ቅዳሜ እንጨት ሲቀርጽ ይይዘዋል፣ ከቤት ይዞት አይወጣም፣ ትምህርት ቤትማ የማይታሰብ ነው። ባለቤቴ አኩርፏል።

ነርሷ፦ የምታስቀምጪበት መሳቢያ ቁልፍ አለው?

ጠያቂዋ፦ አለው። ቁልፉ ግን ባለቤቴ ጋ ነው።