የሐበሻ ቀሚስ ከብብት ሥር ለማስተካከል እርዳታ እፈልጋለሁ

እናቴ የሰጠችኝን የሐበሻ ቀሚስ በልኬ ማጥበብ አቅቶኛል። ያለሁት ጀርመን ነው። ሽሮ ሜዳ ብሆን ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ እገላገል ነበር፤ እዚህ ግን ፈትል የሚያውቅ ሰፊ አላገኘሁም።

ቀሚሱ የእጅ ፈትል ነው። ጥበቡ ከአንገት እስከ እግር መሀል ለመሀል ይወርዳል፤ የእጅጌውንና የታችኛውን ጠርዝም ይዞራል። የደረቱ ዙሪያ 102 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የኔ 88። ትከሻውም በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክንዴ ይወርዳል።

ገልብጬ ለብሼ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ከዚያ ለመተንፈሻ 6 ሴንቲ ሜትር ትቼ፣ ከብብት እስከ ዳሌ በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር (2 ከፊት፣ 2 ከኋላ) አስገብቼ በእጅ ወሰወስኩት። ወገቡ ላይ ቆንጆ ሆኖ ተቀመጠ። እጄን ሳነሳ ግን ቀሚሱ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ብብቱ ሥር ይጨማደዳል፣ ጥበቡም ደረቴ ላይ ይጣመማል። ብብቱ አካባቢ ላላ አድርጌ ደግሜ ሞከርኩት፤ መጨማደዱ ቀነሰ፣ መነሳቱ ግን አልቀረም። እኔ የምጠረጥረው ትከሻውን ነው። ሰፊ ስለሆነ ብብቱን ወደ ታች የጎተተው ይመስለኛል።

እስካሁን መቀስ አላስነካሁትም። ፈትል አንዴ ከተቆረጠ ክሩ እየተመዘዘ ያስቸግራል፤ የእናቴ ልብስ ደግሞ እንዲበላሽብኝ በፍጹም አልፈልግም። ተራ የቤት ስፌት ማሽን፣ ቀጭን መርፌና የጥጥ ክር አለኝ።

እጅጌውን ተርትሬ ትከሻውን ካጠበብኩ በኋላ መልሼ ልግጠመው፣ ወይስ እጅጌው ሳይነካ ብብቱን ከፍ የማደርግበት መንገድ አለ?