ሱቁ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አረጋዊው ደንበኛ የት ይገበያይ?

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በጅማ በፈረንጅ አራዳና በሂርማታ ዙሪያ ያሉ የቀበሌ የንግድ ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ፣ አዲሱ ተከራይ የሰፈሩን አረጋውያን እንዲያስተናግድ በኪራይ ውሉ ላይ ግዴታ ይግባ ወይስ አይግባ? እኔ ይግባ ባይ ነኝ። እነዚህ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ኪራያቸው ከግል ቤት ኪራይ እጅግ ያነሰ ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ ሕዝብ የደጎመው ቤት ለሕዝቡ ምን ይመልሳል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በእኛ ሰፈር አብዛኞቻችን በ60 ዓመታችን ጡረታ የወጣን የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ልጆቻችን ርቀው ሄደዋል። ለሠላሳ ዓመት የተገበያየሁበት ሱቅ፣ ባለቤቱ ካረፉ በኋላ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ቀድሞ ከሚዛኑ ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው የዱቤ ደብተር ነበር፤ ስሜ በገጹ አናት ተጽፎ ከሥሩ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል እየተባለ ይሰፍርና የጡረታ ደመወዝ በወጣ ማግስት በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። በሩ አጠገብም ባለሦስት እግር በርጩማ ነበረ። ዛሬ በበርጩማው ቦታ የድምፅ ማጉያ ቆሟል።

ሱቅ የወረሰ ነጋዴ፦ ጋሼ፣ እኔም የአባቴን ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ወደ ስልክ መለዋወጫ የቀየርኩ ስለሆንኩ ቃልዎ በቀጥታ ይመለከተኛል። አባቴ ሲያርፉ የዱቤ ደብተራቸውን ገልጬ ሳይ፣ ከባለዕዳዎቹ ብዙዎቹ ከእርሳቸው ቀድመው የሞቱ ነበሩ። አባቴ ለቅሷቸውን ደርሰው ተመልሰዋል እንጂ ለቤተሰብ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ያንን ደግነት አከብራለሁ፤ ሆኖም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን፣ አከፋፋዩ ዋጋ የሚቀይረው በሳምንት ውስጥ ሆነ፤ የሚቀበለውም ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። በወሩ መጀመሪያ በዱቤ የሰጠሁት ሳሙና በወሩ መጨረሻ ተከፍሎኝ ሌላ ሳሙና አይገዛልኝም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ የተማሪ ከተማ ሆናለች፤ ደጄን የሚያንኳኳው ወጣት የሚጠይቀኝ ቻርጀር ነው። ሂርማታም ቢሆን በአባ ጅፋር ዘመን የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረ፤ ሲራራው ሲቀር ገበያው ሌላ ደንበኛ አገኘ እንጂ አልተዘጋም።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦ ሁለታችሁም «አረጋዊ» ስትሉ አንድ ትውልድ ብቻ እያሰባችሁ ይመስለኛል። በአሜሪካ አሪዞና ሰን ሲቲ የተባለው የጡረተኞች ከተማ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1960 ሲከፈት፣ ከሞዴል ቤቶቹ ጋር የገበያ ማዕከልም አብሮ ተዘጋጅቶ ነበር። የዚያን ዘመን ጡረተኞች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተወለዱ ነበሩ፤ ዛሬ ጡረታ የሚገቡት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለዱና ፍላጎታቸው ሌላ የሆነ ነው። ሰፈሩ የጡረተኛ ሆኖ ሲቀጥል ጡረተኛው ራሱ ተለውጧል። እኛም ዘንድ በ2013 ዓ.ም. የመጣውን ቴሌብር ዛሬ የሚጠቀም የአርባ ዓመት ጎልማሳ ከሃያ ዓመት በኋላ አረጋዊ ነው። በውል አስገድደን ሻይ ቅጠልና የኩራዝ ክር እንዲሸጥ ብናደርግ የምንጠብቀው የጋሼን ትውልድ እቃ እንጂ እርጅናን አይደለም።

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ይህን ነጥብ እቀበላለሁ፤ የእቃው ዓይነት ይለወጥ። ጉልበት ግን በየትኛውም ትውልድ ያው ጉልበት ነው። በቶኪዮ ሱጋሞ የተባለውን የገበያ መንገድ እንመልከት፤ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ ሲሆን 200 ያህል ሱቆች አሉት፣ ጃፓኖችም ሀራጁኩ ከሚባለው የወጣቶች መገበያያ ጋር እያነጻጸሩ «የአያቶች ሀራጁኩ» ይሉታል። ዋጋው በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ በየወሩም 4፣ 14 እና 24 ቀን በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ገበያ ይቆማል። ስለዚህ በውሉ ይግባ የምለውን ላስተካክል፦ መቀመጫ፣ ዝቅ ያለ ደፍና በትንሹ መስፈር ይግባ። ሩብ ኪሎ ስኳር አልመዝንም የሚል ሱቅ ብቻውን የሚኖርን ሰው ከነአካቴው አሰናብቶታል።

እናቷን የምትጦር፦ የደፉን ነገር ከእናቴ ጋር በየቀኑ የማየው ነው። የምንገበያይበት ሱቅ ሲታደስ ወለሉ ከፍ ተደርጎ ሦስት ደረጃ ተሠራለት፤ መደገፊያ ግን አልተደረገለትም። እናቴ ከታች ቆማ ትጣራለች፤ ሙዚቃው ስለሚበልጣት ድምጿ አይሰማም፤ አንድ አላፊ አግዳሚ እስኪያይላት ድረስ ዘንቢሏን ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ በባጃጅ ይላክላት የሚሉ አሉ፣ ነገር ግን እናቴ ሱቅ የምትሄደው ለሳሙናው ብቻ አይደለም፤ ማን እንደታመመና ማን እንደተሻለው የምትሰማው እዚያ ነው።

ሱቅ የወረሰ ነጋዴ፦ እህቴ፣ ስለ ደረጃው የተናገርሽው ልቤን ነክቶታል፤ የእኔም ሱቅ ሁለት ደረጃ አለው፤ የብረት መደገፊያ አስበይዳለሁ። መቀመጫውንም እመልሳለሁ፤ በሩብ ኪሎ የሚሸጡ ጥቂት ሸቀጦችንም ለማኖር ዝግጁ ነኝ። ዱቤን ግን በውል ግዴታ አድርጋችሁ አትጫኑብኝ።

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ልጄ፣ ዱቤ ያከሰረህ በደብተሩ ላይ ብር ስለሚጻፍ ነው። እቃው በመጠኑ ይጻፍ፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር የወሰደ ሰው ደመወዙ ሲገባ በዕለቱ ዋጋ ይክፈል። የጡረታ ደመወዝ የሚገባበት ቀን ይታወቃል።

ሱቅ የወረሰ ነጋዴ፦ የዋጋውን ነገር ይፈታዋል፤ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሟቹ ገጽ ግን አሁንም ክፍት ነው፤ እኔም እንደ አባቴ ለቅሶ ቤት ደብተር ይዤ አልሄድም።

እናቷን የምትጦር፦ በእናቴ ገጽ ላይ ዋስ ሆኜ እኔ ልፈርም። ልጆቻቸው ርቀው ለሚኖሩት ማን ይፈርም የሚለውን ግን እዚሁ እንነጋገርበት።