በኮርኒሳችን ውስጥ ያሉት የሌሊት ወፎች የትኞቹ ናቸው?

የፒያሳ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምንኖረው ክዳኑ ቆርቆሮ በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ፀሐይ እንደገባች ከኮርኒሱ ጠርዝ ትንንሽ የሌሊት ወፎች እየተከታተሉ ይወጣሉ። ትናንት ጠዋት አንዷ በረንዳው ላይ ወድቃ ስላገኘኋት ጎንበስ ብዬ ተመለከትኳት። ጅራቷ በሁለት እግሮቿ መካከል ከተዘረጋው ስስ ቆዳ አልፎ እንደ አይጥ ጅራት ወጥቷል፤ የላይኛው ከንፈሯም የተሸበሸበ ነው። ክንፎቿን አጣጥፋ በፍጥነት ትድሃለች እንጂ መብረር አልቻለችም። የየትኛው ወገን ናት? ታምማስ ይሆን?

የባዮሎጂ መምህር፦
ጅራቷን አስተውለው መግለጽዎ ትልቅ ነገር ነው። በሞቃታማ አገሮች ነፍሳትን እየበሉ ከሚኖሩት የሌሊት ወፎች መካከል ሞሎሲዴ የተባለው ቤተሰብ የሚታወቀው በዚሁ ምልክት ነው፤ የጅራታቸው ጉልህ ክፍል ከቆዳው ጠርዝ አልፎ ይወጣል። ኤምባሎኑሪዴ በተባሉት ዘንድ ግን ጅራቱ የቆዳውን መሐል በስቶ በላይ በኩል ብቅ ስለሚል፣ ሁለቱን ለመለየት ጅራቱ ከየት እንደወጣ ማየት ይረዳል። የሞሎሲዴ ክንፍ ረጅምና ጠባብ በመሆኑ ከጣሪያ በላይ፣ ገላጣ አየር ላይ እየከነፉ ጥንዚዛንና የእሳት እራትን ያድናሉ፤ ይኸው ክንፍ ግን ከመሬት ለመነሣት አይመችም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከከፍታ ራሳቸውን ቁልቁል ለቀው ነው መብረር የሚጀምሩት። ስለዚህ መሬት ላይ መገኘቷ ብቻውን ታማለች አያሰኝም። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ጣሪያ ሥር የምትኖረው ትንሿ ሞፕስ ፑሚሉስ ለሳይንስ መጀመሪያ የተገለጸችው ከምጽዋ በተገኘ ናሙና ነው። የእርስዎም እሷው ናት ለማለት ግን የክንዷን አጥንትና የራስ ቅሏን መለካት ያስፈልጋል።

ተማሪ ከአራት ኪሎ፦
አፍንጫዋ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ የቆዳ ቅጠል አላት? ካላት ራይኖሎፊዴ ከተባሉት ናት፤ እነዚህ የአደን ድምፃቸውን የሚያወጡት በአፍንጫቸው ነው።

የፒያሳ ነዋሪ፦
የለባትም፤ አፍንጫዋ ልሙጥ ነው። ጆሮዎቿ ሰፋፊ ሆነው ግንባሯ ላይ የተገናኙ ይመስላሉ።

የባዮሎጂ መምህር፦
እንግዲያውስ ሞሎሲዴ ለመሆኗ ብዙም አልጠራጠርም። ሆኖም የእብድ ውሻ በሽታ ከሌሊት ወፍም ሊተላለፍ ስለሚችል እባክዎ በባዶ እጅ አይንኳት። ከነከሰችዎ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ደኅና ከሆነች በወፍራም ጓንት በካርቶን አንሥተው ሲመሽ ከፍ ያለ ግድግዳ ላይ ያስይዟት።

አናጺ፦
ኮርኒሱን ለመድፈን ካሰባችሁ፣ ግልገሎቹ መብረር ሳይችሉ ቀዳዳው እንዳይዘጋ አደራ እላለሁ። እናቶቹ ለአደን ወጥተው ሳለ ከተዘጋባቸው ግልገሎቹ ውስጥ ያልቃሉ፤ ሽታውም ቤቱን አያስቀምጥም።