«ፋይቭ-ጌትድ» ወይስ «ፋይቭ-ጌቲድ»? በጭረት የተያያዙ የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አነባበብ

ሸዋ በር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ጀጎልን በእንግሊዝኛ ለማስጎብኘት እየተለማመድን ነው። በንዑስ ጭረት የተያያዙት ቅጽሎች አስቸገሩን፦ «ፋይቭ-ጌትድ ሲቲ» (ባለ አምስት በር ከተማ)፣ «ስቶን-ዎልድ» (በድንጋይ የታጠረ)፣ ለሞሰቡ ደግሞ «ሃንድ-ዎቨን» (በእጅ የተሰፋ)። ጭረቱ ላይ ቆም ይባላል? ስንት ቀለም (በአንድ አናባቢ የሚባል የቃል ክፍል) አላቸው? የትኛውስ ይጠነክራል?

ከዚራ፦ ጭረቱ ለዓይን ነው፤ አትቁሙበት። ቀለም ስትቆጥሩ ፊደሉን ትታችሁ የሚሰማውን አናባቢ ቁጠሩ። እኛን የሚያሳስተን ሳድስ ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ስቶን» በፊደላችን ሦስት ነው፣ በድምፅ ግን አንድ ቀለም። «እስቶን» ካላችሁ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ «ስቶን-ዎልድ» ሁለት፣ «ሃንድ-ዎ-ቨን» ሦስት፣ «ፋይቭ-ጌ-ቲድ» ሦስት።

«ጌቲድ» የተባለው ግንዱ በት ድምፅ ስላለቀ ነው። በት ወይም በድ ካለቀ «ኢድ» ተጨምሮ አንድ ቀለም ይበዛል፤ «ሌፍት-ሃን-ዲድ» (ግራኝ) እንዲሁ። «ዎል» ግን በል ስለሚያልቅ ድ ብቻ ይጠጋዋል፤ «ዎሊድ» አይባልም። እንደ ፕ እና ክ ካሉ ኢነዛሪ (ጉሮሮ የማይነዝርባቸው) ድምፆች በኋላ ደግሞ ት ይሆናል፦ «ሃርት-ሼፕት» (የልብ ቅርጽ ያለው)፣ ሁለት ቀለም። ለጅቡ የምትሉት «ፎር-ሌ-ጊድ» (ባለ አራት እግር) ከደንቡ ያፈነገጠ ነው፤ ብዙዎች «ኢድ» ብለው ያነቡታል።

መጋላ፦ ጥንካሬው እንደ ቦታው ይለዋወጣል። «ዘ ዎል ኢዝ ዌል-ኖውን» (ግንቡ የታወቀ ነው) ስትሉ «ኖውን» ይጠነክራል። ከስም በፊት፣ «አ ዌል-ኖውን ዎል» ሲሆን ግን ጥንካሬው ወደ «ዌል» ይሸሻል፤ ምክንያቱም ሁለት ጠንካራ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲገጥሙ እንግሊዝኛ አይወድም። «ካር-ሲክ» (መኪና የሚያጥወለውለው) ግን የትም ቢገባ «ካር» ላይ ነው።

ደግሞ «ፓርት-ታይም» ላይ ሁለት ት ሲገናኙ ለየብቻ አታፈንዷቸው። «አለ» (ተናገረ) እና «አለ» (ይገኛል) የምንለይበትን ማጥበቅ ተጠቀሙ። አቦ፣ እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ይቀለዋል!

ሸዋ በር፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ፎር-ሚተርስ-ሃይ ዎል» (አራት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ) ልክ ነው?

ከዚራ፦ «ስ»ን አውጡት፦ «ፎር-ሚ-ተር-ሃይ»፣ አራት ቀለም። ከስም በፊት መለኪያው ነጠላ ነው። ከስም በኋላ ሲሆን «ፎር ሚተርስ ሃይ» ትላላችሁ፣ ጭረትም የለውም። በራሪ ወረቀቱ ላይ ስትጽፉት መስመር ካልበቃችሁ፣ ቃሉን ጭረቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ክፈሉት።