አንድ ሰው ሆኜ ሳለሁ ሁለት ተደርጌ ተቆጠርሁ

ጅማ ውስጥ በቡና በሽታ ላይ የምሠራ ተመራማሪ ነኝ። ካሳተምኋቸው 7 ጽሑፎች 4ቱ በአባቴ ስም፣ 3ቱ በአያቴ ስም ተመዝግበዋል። አሳታሚው «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ የአያቴን ሞላሁለት፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም እንደሌለ ማን ይንገረው!

አሁን ጽሑፎች በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚቆጥረው የጥቅስ መረጃ ቋት ሁለት ሰው አድርጎኛል። በየመዝገቡ ሁለት ሁለት ጽሑፎች ከ4 ጊዜ በላይ ተጠቅሰዋል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ። ስለዚህ ኤች ኢንዴክሴ (2 ማለት ቢያንስ 2 ጊዜ የተጠቀሱ 2 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው) እዚህም 2፣ እዚያም 2 ነው፤ ቢጋጠም 4 ይሆን ነበር። ባለ 16 አሃዙን የኦርኪድ (ORCID) የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጥቼ ሰባቱንም አስገባሁ፤ መዝገቦቹ ግን አልተዋሃዱም። የማዕረግ እድገት ማመልከቻዬ በሚቀጥለው ወር ይገባል።

መዝገቦቹን ለማዋሃድ ሦስቱም ስሞች ያሉበት ፓስፖርቴ ይበቃል ወይስ መጀመሪያ አሳታሚዎቹ በ3ቱ ጽሑፎች ላይ ስሜን ማረም አለባቸው?