ሹገር ሎፍ ጣቢያ ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

ቴዎድሮስ፦ ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ዌልስ ውስጥ ከሽሩስበሪ ወደ ስዋንሲ በሚሄደው የባቡር መስመር ላይ ሹገር ሎፍ የሚባል ጣቢያ አለ። ዙሪያው ተራራና በግ ነው። መንደር የለም፣ ቲኬት ቤትም የለም። በፈረንጅ 2016/17 የተጠቀመበት ሰው 228 ገደማ ነው፤ በዓመት ማለቴ ነው! እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ።

ሰላም፦ ቴዲ፣ ዘግተህ ምን ልታተርፍ? ሠራተኛ የለው፣ ቢሮ የለው። ባቡሩ የሚቆመው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ተሳፋሪው ለሾፌሩ እጁን ያሳያል፤ ወራጁ ደግሞ ለቲኬት ተቆጣጣሪው ቀድሞ ይናገራል። «ወራጅ አለ» በለው። ጠያቂ ከሌለ እልም ብሎ ያልፋል።

ቴዎድሮስ፦ መሳፈሪያው ግን ይጠገናል፣ ይፈተሻል። ያ በነፃ ነው?

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ ታሪኩንም እዩት እንጂ። ጣቢያው በፈረንጅ 1899 ሲከፈት ለአካባቢው የባቡር ሠራተኞች ነበር። ቦታው አቀበት ነው፣ ዋሻም አለበት፤ ሰው ያስፈልግ ነበር። በ1965 ተዘጋ። በ1984 ደግሞ ለተራራ ተጓዦች ተብሎ ተከፈተ። ስለዚህ «መንደር የለውም» የሚለው ክርክር አይገባኝም፤ መቼ ኖሮት ያውቃል? መስመሩ ራሱ ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1963 ስለ ብሪታንያ ባቡሮች የወጣው የቢቺንግ ሪፖርት ከ2,000 በላይ ጣቢያዎች ይዘጉ ብሎ ነበር። ይሄኛውን መስመር ያዳነው ፖለቲካ ነው የሚሉ አሉ፤ ፉክክር የበዛባቸውን ስድስት የምርጫ ክልሎች ያቋርጥ ነበርና። በ1972 ደግሞ መስመሩ በቀላል ባቡር ደንብ፣ ማለትም ለአነስተኛ መስመሮች ላላ ባለ ደንብ፣ እንዲተዳደር ተደርጎ ወጪው ቀነሰ። ሳይዘጉም መቆጠብ ይቻላል ማለት ነው።

ሕይወት፦ ቴዲ፣ ቁጥሩን ሙሉውን አምጣው እንጂ! በሚቀጥለው ዓመት እኮ 1,824 ሆነ።

ቴዎድሮስ፦ አውቃለሁ። «ሰው የማይወርድበት ጣቢያ» ተብሎ ስሙ ስለወጣ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ነው። ይሄ አገልግሎት ነው?

ሕይወት፦ ቲኬት የቆረጠ ሰው «ለምን መጣህ» ይባላል እንዴ? ጎረቤቷ ላንዉርቲድ ዌልስ ሰው ረግረግ ውስጥ ሲዋኝ የሚወዳደርባት ከተማ ናት። እንግዳ የሚያመጣላት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፎቶ ሊነሳ የመጣውም እዚያ ወርዶ ሻይ ይጠጣል።

ሰላም፦ ዋናው ችግር ሌላ ነው። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነው፤ ባቡሮች የሚተላለፉት በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። በቀን የሚያልፉትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ካመለጠህ ሰዓታት ትጠብቃለህ። ባቡር አሳንሰን፣ ሰው አነሰ ብለን ልንዘጋ?

ቴዎድሮስ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። ባቡር ይጨመር። ግን ቅድሚያ በመስመሩ ላይ ላሉት ከተሞች፣ ለላንድሪንዶድና ለላንዶቨሪ ነዋሪዎች። ሹገር ሎፍ ላይ ደቂቃ አይባክን።

ጋሽ መኮንን፦ ወራጅ ከሌለ የትኛው ደቂቃ ነው የሚባክነው?

ቴዎድሮስ፦ ካለስ፣ ጋሼ?

ሕይወት፦ ካለማ ይቁምለት!