የቆሮሶ ዓሦቼ መኖ እያስተረፉ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? አራት ኪሎ፣ ግቢያችን ውስጥ በሲሚንቶ ገንዳ ቆሮሶ አረባለሁ። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በውኃ ለውሼ እሰጣቸዋለሁ። እድገታቸው ግን ቀጥ ብሏል። የተረፈው መኖ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ ጠዋት ገንዳው ይሸታል። ጎረቤትም ማጉረምረም ጀምሯል፤ አልፈርድባቸውም።

በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። ፉርሽካ የዚያን ግማሽ ያህል ቢኖረው ነው። ፋጉሎው ይሻላል፣ ግን ቃጫው ይበዛል። የዓሣ ዱቄት ልጨምርበት ወይስ የአኩሪ አተር ፋጉሎ? በምን ያህል መጠን?

ደግሞ የአዲስ አበባ ብርድ አለ። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል። ታዲያ በክረምት መኖውን ምን ያህል ልቀንስ? ቶሎ የማይሰምጥ መኖ ቤት ውስጥ የሚሠራ ካለም እባካችሁ ዘዴውን ንገሩኝ።